ልጃገረዶች ስለ ወር አበባ አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል

ሰው ሊመጣ ያለውን ነገር አውቆ መሰናዳቱ የተገባ ነው። ገበሬ የክረምቱን መግቢያ ስለሚያውቅ ጎጆውን በግንቦት ይከድናል፤ ነጋዴም የመንገዱን ርቀት ስለሚያውቅ ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ ይነሣል። ዳሩ ግን ቀኑ ባይታወቅ ዘመኑ የታወቀ፥ ከሴቶች ልጆችም ከጥቂቶቹ በቀር አንዲቱን እንኳ የማያልፍ አንድ ነገር ሳለ፥ ለእርሱ አባትም እናትም መምህርም አስቀድመው ሲሰናዱለት አይታዩም። ይኸውም የግእዝ መጻሕፍት ትክቶ ወይም ልማደ አንስት የሚሉት፥ በአማርኛም የወር አበባ የተባለው ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በጋዜጣ ገጽ ላይ ማንሣት ነውር አይደለምን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ አንባቢ መልሱ ሩቅ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን በ15ኛው ምዕራፍ ነገሩን ሳይሸሽግ አንሥቶ ሥርዐቱን ይደነግጋል፤ ማቴዎስና ማርቆስ ሉቃስም 12 ዓመት ደም ስለ ፈሰሳት ሴት ጽፈዋል፤ ይህም ወንድና ሴት፥ ሽማግሌና ሕፃን በተሰበሰቡበት ጉባኤ ይነበባል። መጻሕፍት ያላፈሩበትን ነገር ቤተ ሰብ ቢያፍርበት፥ ኀፍረቱ የመጣው ከልማድ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ልማድ ደግሞ ጉዳት ማምጣቱ በታወቀ ጊዜ ሊመረመር ይገባል።

ጉዳቱ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መሄድ ይበቃል። በአምስተኛ ወይም በስድስተኛ ክፍል የምትማር፥ ዕድሜዋ 12 ወይም 13 ዓመት የሆነ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሳለች ልብሷ ይረጥብባታል፤ እጇን ብትሰድ ደም ታገኛለች። አልወደቀችም፤ እሾህ አልወጋትም፤ የመታትም የለም። ደም የሚፈሰው በቍስል ወይም በደዌ ብቻ እንደ ሆነ ታውቃለችና የምትሞት ይመስላታል። መምህሩ ወንድ ነው፤ ተነሥታ ብትወጣ ልብሷን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ስለዚህ ጥያቄ በተጠየቀ ጊዜ መልሱን እያወቀች እጇን አታነሣም፤ ደወል ተደውሎ ሌሎቹ እስኪወጡም ድረስ ከተቀመጠችበት አትነቃነቅም። ከዚያ በኋላ ነጠላዋን በወገቧ አገልድማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እናቲቱም ነገሩን በሰማች ጊዜ፥ ደግ እናት እንኳ ብትሆን፥ አንድ እራፊ ጨርቅ ሰጥታ «ዝም በይ፥ አባትሽ እንዳይሰማ» ብላ ታሰናብታታለች። ደሙ ከየት እንደ መጣ፥ ስንት ቀን እንደሚቆይ፥ ተመልሶ ይመጣ እንደ ሆነ የሚነግራት የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ገላዋ ለሰው የማይነገር ምሥጢር መያዙን ነው። እናቲቱም ብትሆን በተራዋ እንዲሁ ባለ ዝምታ ያደገች ናትና ልትወቀስ አይገባም፤ ያልተሰጣትን ከየት አምጥታ ትስጥ?

እውነቱ ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ ለማስረዳትም ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሴት ልጅ በማሕፀኗ ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ዕጢዎች ውስጥ ለዘመንዋ ሁሉ የሚበቃውን የዘር እንቍላል ይዛ ትወለዳለች። አካሏ በደረሰ ጊዜ፥ ከአንጎል ሥር ካለችው ታናሽ ዕጢ በሚመጣ ትእዛዝ፥ በየወሩ ከእንቍላሎቹ አንዱ በስሎ ይወጣል። ማሕፀንም እንግዳ እንደሚቀበል ቤት ውስጡን ደም በሞላበት ለስላሳ ሽፋን ያነጥፋል። ፅንስ ያልተፀነሰ እንደ ሆነ ያ ምንጣፍ ሥራ የለውምና ተፈትቶ ከጥቂት ደም ጋር ይወጣል፤ ማሕፀንም ለሚመጣው ወር እንደ ገና ያነጥፋል። ነገሩ ሁሉ ይህ ነው። የሚወጣው ደም ብዙ መስሎ ይታያል እንጂ የቀኖቹ ሁሉ ተደምሮ ለብዙዎቹ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ አንዲት የቡና ሲኒ እንኳ አይሞላም። የሚቆየውም ከ2 እስከ 7 ቀን ነው። ከአንዱ መምጫ እስከ ሌላው መምጫ ያለው ጊዜ በተለምዶ 28 ቀን ቢባልም፥ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ድረስ ቢሆን ጤና ነው፤ ለልጃገረድ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት እስከ 45 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ይህን ያላወቀች ልጅ ወሩ በዘገየ ጊዜ አንድ ፍርሀት፥ በፈጠነ ጊዜ ሌላ ፍርሀት ታተርፋለች። መጀመሪያ የሚታይበት ዕድሜ ለአብዛኞቹ ከ12 እስከ 13 ዓመት ነው፤ በ9 ዓመቷ ያየች አለች፥ በ15 ዓመቷ ያየችም አለች፤ ምግብ ያነሳት ልጅም ትዘገያለች።

ይህን ዕውቀት ዓለም ያገኘው ከቅርብ ዘመን ወዲህ ስለ ሆነ፥ ያላወቀውን የገጠር ሰው መናቅ አይገባም። የሮማው ሊቅ ፕሊኒ በአንደኛው መቶ ዓመት ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ታላቅ መጽሐፉ፥ በወር አበባ ያለች ሴት የቀረበችው አዲስ የወይን ጠጅ ይኮመጥጣል፥ መስተዋት ይደበዝዛል፥ ንብ ይሞታል ብሎ አስፍሯል፤ የአውሮፓ ሰዎችም ይህን ከ1,000 ዓመት በላይ ሲያነቡት ኖረዋል። አጥቢ እንስሳት እንቍላል እንዳላቸው ካርል ኧርንስት ፎን ቤር በአጉሊ መነጽር አይቶ የገለጠው በ1827 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው (ከዚህ በታችም ዓ.ም. ያልተጻፈበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። እንቍላሉ ከወሩ በየትኛው ጊዜ እንደሚወጣ የጃፓኑ ኦጊኖና የኦስትርያው ክናውስ የደረሱበት በ1920ዎቹ ነው። ይልቁንም የሚያስገርመው ቤላ ሺክ የተባለው የታወቀ የሕፃናት ሐኪም በ1920 በቪየና ከተማ ያወጣው ሐሳብ ነው። በወር አበባ ላይ የነበረች አንዲት የቤት ሠራተኛ የያዘችው አበባ ስለ ጠወለገ፥ በዚያ ጊዜ ከሴቶች ገላ መርዝ ይወጣል አለ። ይህ ሰው ዲፍቴሪያ የሚባለውን የጉሮሮ በሽታ በሚመለከት በፈለሰፈው መመርመሪያ ስሙ በዓለም የተጠራ ሊቅ ነበር፤ ሊቅነቱ ግን ከአሮጌው ተረት አላዳነውም። እንግዲህ በአንድ መንደር በአበባዋ ያለች ሴት የነካችው ተክል ይደርቃል የሚል ሽማግሌ ቢገኝ፥ ከቪየና ሐኪም ጋር ተሳስቷልና ብዙ ሊያፍር አይገባውም፤ እውነቱ ሲነገረው መስማት ግን ይገባዋል።

ከስሕተቶቹ ሁሉ አንዱ እጅግ ይከፋል። በአንዳንድ የገጠር ስፍራ የወር አበባ የሚመጣው ሴት ከወንድ ጋር ከተገናኘች በኋላ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ እምነት እንዴት እንደ ተወለደ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ልጆች ገና ደም ሳያዩ ይዳሩ ስለ ነበር፥ ደሙም የሚታየው በባል ቤት ስለ ነበር፥ ሰው ጋብቻውን ምክንያት፥ ደሙን ውጤት አደረገው፤ ዶሮ ጮኾ ጎሕ ቢቀድ ዶሮው ፀሐይን አወጣት እንደ ማለት ነው። አሁን ግን ልጆች በአባታቸው ቤት ሆነው እየተማሩ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላቸው፥ የአሮጌው ስሕተት ፍርድ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። ደም የታየባት ልጅ ከማን ጋር ነበርሽ ተብላ ትጠየቃለች፤ ማልላ ብትናገር የሚያምናት የለም። ስለዚህ የሰማች ልጅ ሁሉ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስባት ከእናቷ እንኳ ተሸሽጋ ጨርቋን በሌሊት ታጥባለች።

ካህናትም ዳኞችም የሶስናን ታሪክ ያውቃሉ። በንጽሕት ሴት ላይ የሐሰት ነገር በተነሣ ጊዜ ምስክሮቹን ለያይቶ የሚመረምር ዳንኤል ተገኘላት። በዚህች ልጅ ላይ የሚመሰክረው የገዛ ደሟ ነው ይባላል፤ የሚመረምርላት ግን የለም። መርማሪ ቢገኝ ግን ነገሩ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነበር፤ የወር አበባ ለድንግሊቱም ላገባችውም ይመጣል፤ በልጅነቷ ገዳም ገብታ ለመነኰሰች ልጅም ይመጣል፤ በገላ ውስጥ ካለው የዕድገት ሰዓት በቀር የሚጠራው ነገር የለም። ይህን ማንኛውም ሐኪም ይመሰክራል። አንድ የንስሓ አባት ይህን በአንድ ቤት ቢናገር አንዲት ልጅ ከበደል ትድናለች፤ በሰንበቴና በማኅበር ላይ ቢናገር ግን የአንድ ደብር ልጆች ሁሉ ይድናሉ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ፤ ደም ካየች ደርሳለችና ትዳር የሚለው ነው። አማርኛ ለነገሩ የሰጠው ስም ለዚህ መልስ ይሆናል፤ አበባ ብሎታል እንጂ ፍሬ አላለውም። ባቄላው አበበ ብሎ ማጭድ የሚሰድ ገበሬ በየትም አገር አልታየም። የልጅቱ ወገብና የዳሌዋ አጥንት ሰፍቶ የሚያልቀው አበባው ከታየ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የፀነሰች ልጅ ምጥ ይጠናባታል፥ ሐኪም በአጠገቧ ያልተገኘ እንደ ሆነም ሕፃኑ ይሞትና እርሷ ፌስቱላ በሚባለው የሽንት መፍሰስ ትቀራለች። ሬጂናልድና ካተሪን ሐምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች በ1974 በአዲስ አበባ የከፈቱት ሆስፒታል ይህን ጉዳት ለመጠገን የተሠራ ነው። ሕጉም ቢሆን መንገዱን ሲያርም ኖሯል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፥ የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ የሚያጋባውን ይቀጣል። ደም ማየት በየትኛውም አንቀጽ የጋብቻ መለኪያ ሆኖ አልተጻፈም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ ሳትገባ በውጭ ቆማ እንድትጸልይ ሥርዐት መኖሩ የታወቀ ነው። ይህን ሥርዐት መተርጐም የሊቃውንት ፈንታ እንጂ የጋዜጣ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ሥርዐቱ የሚናገረው ስለ ቤተ መቅደስ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት እንድትቀር፥ ገላዋን እንዳትታጠብ፥ ጨርቋን ፀሐይ እንዳታሳይ የሚያዝዝ ቃል በውስጡ የለም። የሚደማ ቍስል ያለበት ወንድም ቍስሉ እስኪደርቅ ከመቍረብ ይከለከላል፤ ስለዚህ ግን ኀጢአተኛ ሆነ ያለው የለም፥ እርሱም ራሱን እንደ ርኩስ አይቈጥርም። ልጅቱ ግን ትርጓሜውን የሚነግራት ስላላገኘች፥ ከቅጽሩ ውጭ በቆመች ቍጥር አንዳች ነገር እንደ በደለች ታስባለች። እንዲህ ያለው አሳብ በ12 ዓመት ልጅ ልቡና ውስጥ ከተተከለ በኋላ ለመንቀል እጅግ ያስቸግራል።

ከላይ በተጠቀሰው የወንጌል ታሪክ ውስጥ ሊቃውንት የሚያውቁት፥ ለሕዝብ ግን በዚህ መልክ እምብዛም የማይነገር አንድ ነገር አለ። ደም የፈሰሳት ሴት ታሪክ የተጻፈው በኢያኢሮስ ልጅ ታሪክ መካከል ነው። ሴቲቱ 12 ዓመት በደዌ ኖረች፤ ማርቆስና ሉቃስ እንደ ጻፉት የኢያኢሮስም ልጅ ዕድሜዋ 12 ዓመት ነበር። ታላቂቱ ከኋላ መጥታ በፍርሀት የልብሱን ጫፍ ነካች፤ ጌታም በሕዝቡ ሁሉ ፊት ልጅ ብሎ ጠራት እንጂ ለምን ነካሽኝ ብሎ አልገሠጻትም። ታናሺቱን ደግሞ ካስነሣት በኋላ የሚበላ እንዲሰጧት አዘዘ። በ12 ዓመት ዕድሜ ስላሉ ልጆች ገላና ጤና በዐውደ ምሕረት ሊናገር ለሚወድ መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ የሚገኝ አይመስልም።

የመለየት ሥርዐት ምን ሊመስል እንደሚችል በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለ። በጎንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኦሪትን በጥብቅ ይጠብቁ ስለ ነበር፥ በወር አበባ ላይ ያለችው ሴት በመንደሩ ዳር በተሠራች ጎጆ 7 ቀን ትቀመጥ ነበር፤ ጎጆይቱም የመርገም ጎጆ ትባላለች። ስሟ ከባድ ነው። ቢሆንም ታናሺቱ በዚያ ከታላላቆቹ ጋር ልትሰነብት ትችል ነበርና የምትጠይቀው አታጣም፤ ከወፍጮና ከእንስራም ጥቂት ታርፋለች። ሕዝቡ በ1984 እና በ1985፥ ኋላም በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጠው ሰው በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ እስራኤል በገባ ጊዜ፥ ባለ ፎቁ ሕንፃ ውስጥ ለዚህ ጎጆ የሚሆን ስፍራ አልተገኘም። በኔፓል ምዕራባዊ ክፍል ግን ቻውፓዲ በሚባለው ልማድ ሴቶች በከብት በረት ወይም በጠባብ ጎጆ ያድራሉ፤ ለብርዱ ባነደዱት እሳት ጭስ ታፍነው፥ በእባብም ተነድፈው የሞቱ አሉ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ልማዱ እንዲቀር አዘዘ፤ በ2017 የወጣውም ሕግ ሴትን በግድ ወደዚያ የሚሰድ ሰው በ3 ወር እስራት ወይም በ3,000 ሩፒ እንዲቀጣ ደነገገ። ከሕጉም በኋላ በጎጆ የሞቱ ሴቶች ተገኝተዋል፤ ፍርሀቱ በሰው ልብ ሳለ አዋጁ ብቻውን አልበቃም።

ስለ ንጽሕና የሚነገረው ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። በብዙ ቤት ልጅቱ የምትይዘው ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከቀሚስ የተቀደደ ጨርቅ ነው። ጨርቁ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ንጹሕ ጥጥ ደምን ደኅና አድርጎ ይመጥጣል። ጥፋቱ ከታጠበ በኋላ ሰው እንዳያየው እርጥቡን ከፍራሽ ሥር ወይም በጓዳ ጨለማ ውስጥ መደበቁ ነው። በዚህ ዐይነት የተደበቀ ጨርቅ ይሻግታል፤ ማሳከክና መቍሰል ያመጣል። ስለዚህ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ላይ ተሰቅሎ ፈጽሞ ሊደርቅ ይገባዋል። ፀሐይን ለማግኘት በጀት አያስፈልግም፤ ሰው እንዳያያት የሚል ኀፍረት ብቻ ነው ልጅቱን ከእርሷ የከለከላት። እጅግ የምታፍር ብትሆን ሌላ ስስ ጨርቅ በላዩ ማልበስ ትችላለች። በከተማ ሞዴስ የሚባለው፥ አንድ ጊዜ ተይዞ የሚጣለው ዕቃ፥ ስሙ ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ዕቃ የመጣ ነው፤ የዚህም ዐይነት ዕቃ በብዛት መሸጥ የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት አስታማሚ ሴቶች ለቍስለኛ የተሠራውን ፋሻ ለዚህ ጕዳይ ካዋሉት በኋላ ነው። ጨርቅም ሆነ ሞዴስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ ይገባዋል፤ እጅም ከመለወጡ በፊትና በኋላ ይታጠባል።

በዚያ ቀን ገላን መታጠብ ይጐዳል የሚለው ነገር መሠረት የለውም፤ እንዲያውም በየቀኑ መታጠብ ይበጃል። የሚከለከል ምግብም የለም፤ ደም የሚተካ ብረት ያለበትን ምስርና ጎመን፥ ቢገኝም ሥጋ፥ ልትበላ ይገባታል። ሆዷን የቈረጣት እንደ ሆነ ሞቅ ያለ ውሃ በጠርሙስ አድርጋ ብትይዝ ይቀልላታል፤ ለዚህም የሚረዳ ክኒን በጤና ጣቢያ አለ። ነገር ግን በየሰዓቱ የምትለውጠው ጨርቅ የሚርስባት፥ ደሙ ከ7 ቀን የሚያልፍባት፥ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ምንም ያላየች ልጅ ለሐኪም መታየት አለባት። በየወሩ ሕመም እየመጣባት ደም የማይወጣት ልጅ ደግሞ መውጫው በተፈጥሮ የተዘጋ ሊሆን ይችላልና ሳትዘገይ ትታይ፤ በቀላል ቀዶ ሕክምና ይድናል። በአፋርና በሶማሌ ሴት ልጅን ገርዞ መስፋት በኖረበት ስፍራ፥ የወር አበባው መውጫ አጥቶ የሚያሠቃያት ልጅ የሰው እጅ የሠራውን መዘጋት ነው የምትሸከመው፤ ይህንም የወንጀል ሕጉ ይከለክላል።

አሁን ነገሩ ወደ ሹማምንት ይመለሳል። በአዲስ አበባ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች በ1931 ከተከፈተ ወዲህ፥ በየዘመኑ የተነሣው መንግሥት ሁሉ ሴት ልጅ ትማር ብሏል፤ በብዙ ስፍራም ተሳክቷል። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ግን አሠሪውም ሠሪውም ተረካቢውም ብዙ ጊዜ ወንዶች ስለ ሆኑ፥ ሊጠይቁት የሚገባ ነገር ሳያስታውሳቸው ይቀራል። ተቈጣጣሪ በመጣ ጊዜ ወንበሩን ይቈጥራል፥ መስኮቱን ያያል፥ የመምህራኑን መዝገብ ይገልጣል። የሴቶቹ መጸዳጃ ከወንዶቹ የተለየ ነውን? በር አለውን? በሩ ከውስጥ ይቈለፋልን? ውሃ በአጠገቡ አለን? የተያዘው ጨርቅና ሞዴስ የሚጣልበትና የሚቃጠልበት ጕድጓድ ተቈፍሯልን? ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ መቀርቀሪያ፥ አንድ በርሜልና ጥቂት ሳሙና ነው። በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ከ2014 ጀምሮ በዓለም የወር አበባ ንጽሕና ቀን ተብሎ ይታሰባል፤ ጨርቅ ተዘርግቶ ንግግር ይደረጋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገሩ ግን በዓመት አንድ ቀን ሳይሆን በየወሩ የሚመጣ መሆኑን አዳራሹ ሲዘጋ የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው።

ዕቃውን በሚመለከት ሌሎች አገሮች ያደረጉት ሊታወቅ ይገባል። ኬንያ በ2004 የተጨማሪ እሴት ታክስን ከሞዴስ ላይ አነሣች፤ በ2017 ደግሞ ለተማሪ ልጃገረዶች መንግሥት በነጻ እንዲሰጥ በሕግ ወሰነች። ስኮትላንድም በ2021 ለሚያስፈልጋት ሴት ሁሉ በነጻ እንዲገኝ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች። በኢትዮጵያ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ በአሜሪካ አገር ኬሚካል ምህንድስና ተምረው ከተመለሱ በኋላ፥ ታጥቦ ተመልሶ የሚያገለግል መያዣ ፈልስፈው በመቀሌ ማርያም ሰባ በተባለው ፋብሪካቸው ሠርተዋል፤ በ2019 ሲኤንኤን የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆነውን በየወሩ መግዛት ለማይችል ቤት ይህ ዐይነቱ ዕቃ የተሻለ ነው።

ዕቃ መስጠት ብቻውን ነገሩን ይፈጽመዋል የሚሉ ግን አንድ ነገር ሊመለከቱ ይገባል። በኔፓል አገር በቺትዋን ተደርጎ በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ በዚያ የነበሩት ተማሪዎች በወር አበባ ምክንያት ከትምህርት የቀሩበት ጊዜ ተደምሮ በዓመት አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፤ ዕቃው ለተሰጣቸውም ልጆች በትምህርት ቤት መገኘታቸው አልጨመረም። ከዚህ ተነሥቶ እንግዲያስ ጉዳት የለም የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ከላይ የተነገረላት፥ መልሱን እያወቀች እጇን ያላነሣችው ልጅ፥ በዚያ ቀን በመዝገቡ ላይ ተገኝታለች ተብላ ነው የተጻፈችው። ፍርሀቷን፥ ጥርጣሬውን፥ ከሥር የተደበቀውን እርጥብ ጨርቅ የሚጽፍ የመዝገብ ዐምድ የለም።

የሚነግራት ማን ይሁን ለሚለው ጥያቄ ሰው አልጠፋም። በ2003 በተጀመረው ሥራ ከ30,000 የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፥ የሰፈሩንም ቋንቋ ያውቃሉ። በየትምህርት ቤቱም ቢያንስ አንዲት ሴት መምህርት ለዚህ ብትሾምና የምትቈልፈው ሣጥን ከትርፍ ልብስ ጋር ቢሰጣት ብዙ ይበጃል። ወንዶች ልጆችም ነገሩን በትምህርት ሰዓት ሊሰሙ ይገባል፤ ልብሷ በደም በተነካ ልጅ የሚሥቀው ያላወቀው ነው፥ እኅቱም እናቱም እንዲሁ መሆናቸውን ያወቀ ልጅ ይሥቃል ተብሎ አይታሰብም። አባትም ቢሆን የሳሙናውን ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነውና እንዳይሰማ መደረጉ ጥቅም የለውም።

ጊዜውም የታወቀ ነው። በ7 ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ በመስከረም አምስተኛ ክፍል ሲገባ 11 ዓመት ይሆነዋል፤ ለአብዛኞቹ ልጃገረዶች አበባው ገና አልታየም። ያን ጊዜ እናት ወይም አክስት ወይም ታላቅ እኅት ልጅቱን ወደ ጓዳ ጠርታ እንዲህ ልትላት ትችላለች፤ «ልጄ፥ አንድ ቀን በልብስሽ ላይ ደም ታያለሽ። አትደንግጪ፤ አልታመምሽም፥ አንቺም ያጠፋሽው ነገር የለም። እኔም አይቻለሁ፥ አያትሽም አይታለች። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፥ በሌላው ወር ደግሞ ይመለሳል። ጨርቁ በዚህ ሙዳይ ውስጥ ነው፥ ሳሙናውም እዚሁ አለ። የመጣ ዕለት ወደ እኔ ነዪ፤ ያለሁበት ቢርቅ ለመምህርትሽ ንገሪ።» ይህን ለመናገር ከአቦል እስከ ቶና ያለው ጊዜ ይበቃል።